ያልተቋጠረው ማሰሮ

ከዚያ ቀን በኋላ ማሰሮውን ሳትቋጥረው ለምን ተወችው? አምናኝ ነው? ወይስ በየማለዳው ዓይኔን ስገልጥ እንዳየውና እንዳፍር ብላ?

የአዬ ዳርጌን ሞት የሰማሁት ዱቦ አጠገብ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳለሁ ነው። ከሶዶ የተላከው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ነገሩ ገባኝ። ቀድሞ የታወሰኝ ግን ፊቷ አልነበረም፤ ይህ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ከብዙ መጻሕፍትም ጋር ኖሬያለሁ፤ መልሱን ግን የትም አላገኘሁትም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እንደሆነው እጽፋለሁ። የማላውቀውን አልጨምርም።

አዬ በእኛ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። ዳርጌ ግን አልወለደችኝም። የሃምሳዎቹ ዓመታት ሲገቡ ባሌ ሞቶብኝ፣ ልጅም ሳይኖረኝ፣ ከጉኑኖ ወደ ሶዶ ስመጣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እሷ ቤት አስጠጉኝ። ባሏ ወንጌላዊ የነበረ፣ እሱም ቀድሞ የሞተ፣ አንዲት ልጇን ማርታን ወደ ጉኑኖ የዳረች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በገባሁ በሳምንቱ ትምህርት ቤት አስመዘገበችኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የወተት ጥርሳቸው ገና ከሚነቀል ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን የፈተና ውጤቴን ሳመጣላት ወረቀቱን ገልብጣ ይዛ ብዙ አየችውና፣ ጎበዝ የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ቦታውን በቅቤ ጣቷ ነካችው። የነካችበት ወዝ ዛሬም ወረቀቱ ላይ አለ።

ያ ጣት የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ነው። ሌላው አካሏ ደረቅና ረጅም ነበር፤ ጣቷ ብቻ ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። ገበያ ስትወጣ ነጠላዋ መቀነት ውስጥ አንድ ቀጭን የቀርከሃ እንጨት ትሰካለች። የቅቤ መፈተኛ ነው፤ ገዢ እስከ ሥሩ ወግቶ ሲያወጣው የተደባለቀ ነገር ካለ ጫፉ ላይ ይታያል። ሌላው ነጋዴ ገዢ ሲጠራጠርበት ይቆጣል፤ እሷ ገዢው ሳይጠይቅ እንጨቱን ታቀብለዋለች። «ያመነኝ ሰው ነገ ይጠረጥረኛል» ትል ነበር። «የፈተነኝ ግን አይቶኛል።»

እንጨቷን ተቀብሎ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሼ ወልዴ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የቀረ፣ ሱቅና አንድ የጭነት መኪና የነበረው ነጋዴ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላት ነበር፤ «እትዬ፣ የእርስዎን ቅቤ ከምፈትን ሚስቴን ብፈትን ይቀለኛል።» እሷም በዚያ አጭር የገበያ አማርኛዋ፣ «ሁለቱንም ፈትን» ትለዋለች። ገበያው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ቤቷ ውስጥ ከጓዳው ግድግዳ ሥር ሦስት ማሰሮዎች ነበሩ። አንደኛው ለአፍ ነው፤ ከእሱ እንበላለን። ሁለተኛው ለመስቀል ነው፤ በወላይታ የመስቀል ቅቤ ያላጠራቀመች ሴት ዓመቱን ሙሉ የት እንደነበረች ስለምትጠየቅ፣ ይህን ማሰሮ የማታውቅ የለችም። ሦስተኛውን ግን ያየሁት ዳርጌ ቤት ብቻ ነው። «የእሱ ነው» አለችኝ።

እሱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሞተው ባሏ መሰለኝና ፈራሁ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ ደግሞ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ስለ ማሰሮው ሰምቶ፣ የጌታን መምጣት ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። «ጌታማ እመጣለሁ ብሎ ነግሮናል» አለችው። «ይሄኛው አልነገረንም።» እሱ የምትለው ሳይታሰብ የሚመጣውን ነገር ነበር። መስቀል ቀኑ ይታወቃል፣ ረሃብም ቢሆን ከሩቅ ደመናው ይታያል፣ እሱ ግን መልእክተኛ አይልክም ትላለች። ስለ እሱ ስታወራ በሩን ታያለች። እኔም ከእሷ ጋር ስኖር በሩን ማየት ለመድኩ።

ለእሱ የምታስቀምጥበት ሥርዓት ነበራት። ገዝታም ይሁን ተሰጥቷት ቅቤ እጇ ሲገባ፣ ከሁሉ አስቀድማ አንድ ጣት ከእሱ ማሰሮ ትጨምራለች። ከተረፈው አይደለም፤ የተረፈ ለውሻ ነው ትላለች። ማሰሮውን በለሰለሰ የኮባ ቅጠል ትሸፍንና በቃጫ ትቋጥረዋለች። ቋጠሮው ሁለት ዙር ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ከእሷ በቀር የሚቋጥር አልነበረም። ጣቷን ስታስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ምን ያህል እንደሞላ አታይም። ዓይን ያየውን ሆድ ይበላዋል የምትለው ነገር ነበራት።

ከቤተሰቡም ሆነ ከጎረቤት እሱ የደረሰበት ሰው አንዲት ቃል ብቻ ይላል፤ «መጣብኝ።» ፈትታ ታቀርብለታለች፤ ፊቷን ታዞርና «የሚበቃህን አንሳ» ትላለች። ለምን ብላ አትጠይቅም። መቼ ትመልሳለህም አትልም። በሬው ገደል የገባበት ጎረቤታችን ሲወስድ አይቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ጥርሴ አብጦ ኦቶና ሆስፒታል መሄድ ሲኖርብኝ ቃሏን ብዬ ወስጃለሁ። ይህን የምጽፈው መንገዱን አላውቅም ነበር እንዳልል ነው።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የቤት አያያዝ ትምህርት ጀመርን። አስተማሪያችን የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ከፍለን ምግብ፣ ልብስ፣ አሥራት፣ ትምህርት እያልን ለእያንዳንዱ ዓምድ እንድንሰጠው አዘዘችን። የመጨረሻው ዓምድ ድንገተኛ ወጪ ይላል። ድንገተኛ ወጪ ማለት አስቀድሞ ያልታሰበና ሲመጣ የማይጠብቅ ነው ብላ አጻፈችን። ሮጬ ሄጄ ለአዬ ዳርጌ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። እሱንም በደብተር ጽፈው ያስተምራሉ ወይ አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመና፣ ስንት ብዬ እንደጻፍኩለት ጠየቀችኝ።

ከአሥር አንድ አልኳት።

«እሱ መቁጠር ያውቃል?» አለችኝ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መጻሕፍት የጫነ ነጋዴ ሶዶ መጣ። ገበያው ዳር ጨርቅ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አየሁ። ቃል ሁሉ ትርጉሙ አጠገቡ ተጽፎ፣ በተራ ተሰልፎ የሚኖርበት መጽሐፍ አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሦስት ቀን ሄጄ ቆሜ አነበብኩ። በሦስተኛው ቀን «ለ» መሃል ስደርስ ነጋዴው፣ እህቴ፣ ቆመሽ ልትጨርሺው ነው እንዴ አለኝ። ቅዳሜ እንደሚሄድም ነገረኝ። ያንን መጽሐፍ እንደ ምግብ ፈለግኩት። ደብተሬን ከፍቼ አሰብኩ። አስቀድሞ አልታሰበም፤ ሲመጣም አይጠብቅም። ሁለቱንም ያሟላል። ጠንቃቃ ተማሪ ነበርኩ፤ በትክክለኛው ዓምድ ሥር ጻፍኩት።

«መጣብኝ» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በበሬና በጥርስ መጣ ይባላል፤ በመጽሐፍ እንዴት ይባላል? እሷ አትጠይቀኝም ነበር። ያ አለመጠየቋ ነው የከበደኝ። ፊቷን አዙራ ስትቆም ጀርባዋን እያየሁ ለመጽሐፍ ቅቤ ማንሳት አልቻልኩም። ጀርባዋን ሳላይ ማንሳት ግን ቻልኩ።

ገበያ በዋለችበት ቀን ቋጠሮውን ፈታሁ። ከዚያ በፊት ባዶ ማሰሮ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ቋጥሬ ፈትቼ ተለማምጄ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ከእሷ ቋጠሮ አልለይ አለኝ። ከቅቤው ከሦስት ሁለቱን እጅ አነሳሁ። ጓዳውን ስትጠርግ ማሰሮውን እያነሳች ስለምታስቀምጥ መቅለሉን እጇ ያውቃል ብዬ፣ የእንሰት ገንፎ የሚሠራበትን ነጭ ቡላ በውሃ አሽቼ ከሥር ጠቀጠቅኩ። በላዩ የቀረውን ቅቤ በእኩል ደለደልኩ። አንስቼ መዘንኩት፤ ልክ ነበር። የወሰድኩትን ቅቤ ሸጬ መጽሐፉን ገዛሁ። ለሰዎች ደብዳቤና ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳንቲም አገኝ ስለነበር፣ በሰባት ሳምንት መልሼ እንደምሞላው አሰላሁ። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም።

እሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ።

ሰኔ ነበር፤ ሲዘንብ አድሮ ማለዳ አባርቷል። የማርታ ባል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከጉኑኖ ደረሰ። ማርታን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ አዋላጇም እጄን አንስቻለሁ ብላለች። ሰው ተሸክሞ በዚያ ጭቃ ኦቶና አያደርሳትም፤ መኪና ያስፈልጋል አለ። በዚያ ጠዋት በአቅራቢያችን የነበረው መኪና የጋሼ ወልዴ ነው፤ እሱም የሌላ ሰው እህል ጭኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊነሳ ነበር። አዬ ዳርጌ አልጮኸችም። ወደ ጓዳ ገባች፣ የእሱን ማሰሮ አነሳች፣ ታቅፋው ወጣች። ልያዝልሽ አልኳት፤ አልሰጠችኝም። ከኋላዋ ተከተልኩ።

ጋሼ ወልዴ ነገሩን ሲሰማ ወዲያው ጭነቱ ይውረድ አለ። ለእህሉ ባለቤትና ለነዳጁ የሚሆን ነገር ያስፈልገው ስለነበር ቅቤውን እንደሚቀበል ተናገረ፤ ሊቀበላትም እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ማሰሮውን መሬት አስቀምጣ ቋጠሮውን ፈታች፤ ከመቀነቷም እንጨቷን አውጥታ አቀበለችው።

«አስገባ» አለችው።

«እትዬ፣ አሁን ይሄ ሰዓት ነው?»

«አስገባ። ልጅ ታመመ ብዬ ሥርዓት አልተውም።»

እንጨቱን ተቀበለ። አይቶት ሳቅ አለና ጎንበስ አለ። ከዚያች ቅጽበት ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እንጨቱ ከእጇ ወደ እጁ ሲተላለፍና ቅቤው ውስጥ ሲገባ መካከል ጊዜ ነበረ፤ «አዬ፣ እኔ ነኝ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ። አላልኩም።

እንጨቱ ሲወጣ ጫፉ ነጭ ነበር። ጋሼ ወልዴ በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው። ፊቱ የተለወጠው ቀስ ብሎ ነው። ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ይመስል ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ ዳርጌ?»

እንጨቱን ተቀብላ አየችው። «ቡላ ነው» አለች።

«ማን ነው ያደረገው?»

ቀና አላለችም፤ ወደ እኔም አልዞረችም። «ቤቱ የኔ። ማሰሮው የኔ» አለች። «ሌላ ማን ልበልህ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት!» አለ። «ታዲያ የልጅዎም ምጥ እንደ ቅቤዎ እንዳይሆን።» ፊቱን አዙሮ ገባ። መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ሄደ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰምተው ጋሼ ወልዴ ዘንድ ሄዱ። ልቡ ክፉ አልነበረም፤ የማርታ ምጥ እውነት እንደሆነ ሲምሉለት ደነገጠ፤ በበቅሎ ሰው ልኮ መኪናውን አስመለሰው። ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ዝናቡ ተመልሶ የጉኑኖን መንገድ የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ውሃው እስኪጎድል ተጠበቀ። ማርታ ኦቶና የደረሰችው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ሐኪሞቹ እሷን አተረፉልን። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ሴት ልጅ ነበረች። ማርታ ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። ጠዋቱን ቢሄዱ ኖሮ ሕፃኗ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪም አልጠየቅኩም። ጥያቄውን የሚጠይቅ አፍ አልነበረኝም።

አዬ ዳርጌ ከኦቶና ስትመለስ ማሰሮውን አጠበችው። ቡላውን አልጣለችውም፤ ከቅቤው ለይታ፣ አጥልላ ገንፎ ሠራችበት። ምሳ ነበር። ሁለታችን ትይዩ ተቀምጠን፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሚጥሚጣ በላነው። እስከ መጨረሻው በላሁ። በአፌ ውስጥ ምን እንደነበረ ቃል የለኝም፤ መዝገበ ቃላቱም አይረዳኝም።

ሲነጋ ስነሳ ማሰሮው ከግድግዳው ሥር ተነስቶ፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ካለው አልጋዬ አጠገብ ነበር። የኮባ ቅጠል ለብሷል፤ ቃጫው ቅጠሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አልተቋጠረም።

አራት ዓመት እንዲሁ ተቀመጠ። በየጊዜው መጥታ አንድ ጣት ትጨምራለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ቅጠሉን ትመልሳለች፤ ቃጫውን ከላይ ታስቀምጣለች፤ ትሄዳለች። ገበያ ላይ ሰው የራሱን እንጨት ይዞ መምጣት ጀመረ፤ በአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ይወጋል። አንዷ ነጋዴ ጮክ ብላ፣ «ዳርጌ፣ ዛሬ የያዝሽው ቅቤ ነው ወይስ ቁርስ?» አለቻት። ገበያው ሳቀ። አዬ ዳርጌ እንደ ዱሮዋ እንጨቷን አውጥታ አቀበለቻት። ጋሼ ወልዴ ይቅርታ ጠይቋት ይቅር ብላዋለች፤ የሚስቱን ቀልድ ግን ዳግመኛ አልተናገረም። ከእሷ ሲገዛም ይፈትን ነበር።

ሳንቲሜ በሞላ ጊዜ ለጋ ቅቤ ገዝቼ፣ እሷ በሌለችበት የወሰድኩትን ያህል ማሰሮው ውስጥ መለስኩ። በማግስቱ ጣቷን ስታስገባ አጠገቧ ነበርኩ። ጣቷ ቅቤውን ያገኘው ካሰበችው ከፍ ብሎ መሆን አለበት፤ ቆመ። ፊቷ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ እጇ ማሰሮው አፍ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጨመረችና ወጣች። መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ተውሼ ነው ብያት ነበር። አንድ ቀን ስትጠርግ ከአልጋዬ ላይ አንስታ በመዳፏ ያዘችው፤ ቅቤ ስትመዝን እንደምታደርገው ዝቅ ከፍ አደረገችውና በቦታው መለሰችው። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አልጽፍም፤ አላውቅምና።

አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ጎበዝ የሚለውን በጣቷ እንደነካች፣ የመምህርነት ወረቀቴንም ነካችልኝ። ወደ ዱቦ ስሄድ መንገድ ድረስ ሸኘችኝና፣ ለእሱ አስቀምጪ አለችኝ። ሴት ልጆችን የቤት አያያዝ ሳስተምር ገጹን በማስመሪያ አስከፍላቸዋለሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ ጠመኔው እጄ ላይ ይቆማል። ልጆቹ ድካም ይመስላቸዋል።

ከቀብሯ በኋላ ማርታ የእናቷን ቤት ልታጸዳ ቆየች፤ እኔም ላግዛት ቀረሁ። ረፋድ ላይ ጓዳ ገባን። ማሰሮው እኔ እተኛበት ከነበረው አልጋ አጠገብ፣ እንደተውኩት ነበር። ማርታ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ፣ እስከ አፉ ሞልቷል አለች። ከዚያ፣ እኔ ልጅ የለኝም፣ ይሄን ማን ይውሰደው አለች። ለራሷ ነበር የምትናገረው።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ቆሜ፣ በቅደም ተከተል፣ ከመጽሐፉ ጀምሬ። አሥራ አንዱን ቋጠሮ ነገርኳት። ቡላውን፣ እንጨቱን፣ ዝም ያልኩበትን ጊዜ ነገርኳት። ልጅሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኳት። ማርታ ሁለት እጇን ማሰሮው ላይ አድርጋ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መጽሐፉ አለ?»

«አለ።»

«አንብበሽ ጨረስሽው?»

«ቆሜ ካነበብኩት አላለፍኩም» አልኳት። እውነት ነው። «ለ» ላይ ነኝ።

ቃጫውን ከቅጠሉ ላይ አንስታ ሰጠችኝ። «እስቲ እንደሷ ቋጥሪው» አለችኝ። ተንበርክኬ ቋጠርኩት፤ ሁለት ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ። እጄ አልረሳውም ነበር። ማርታ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አየችው፤ በጣቷ ዙሪያውን ነካካችው። ከዚያ ጫፉን በጥፍሯ ስባ አወጣችና ፈታችው። ቃጫውን ጠቅልላ እንደነበረ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው። ማሰሮውን አንስታ እቅፌ ላይ አደረገችልኝ።

«እናቴ እንደተወችው ውሰጂው» አለችኝ።